ከግድግዳ ስንጥቅ፣ ከአሸንዳና ከኮብልስቶን መሃል የበቀለ ችግኝ ሳይሞት እንዴት ይነሳል?

ክረምት ሲገባ በየግቢው ማንም ያልተከለው ነገር ይበቅላል። በድንጋይ አጥሩ ስንጥቅ ወይራ፣ በአሸንዳው ላይ ቲማቲም፣ በኮብልስቶን ንጣፉ መሃል ኮክ፣ በውሃ ታንከሩ መቆሚያ ሥር ዘይቱን ብቅ ይላል። ባለቤቱ አይቶ ያዝንለትና የተሻለ ቦታ ልስጠው ብሎ በእጁ ይነቅለዋል። በሦስተኛው ቀን ይጠወልጋል፤ በሳምንቱ ይደርቃል። ብዙ ሰው "ከለመደው ቦታ ስለተነሳ ነው" ይላል። እኔም አራት የወይራ ችግኞች ከአጥሬ ነቅዬ እስክገድል ድረስ እንዲሁ አምን ነበር። አራተኛው ከሞተ በኋላ ስንጥቁን በወስፌ ስፈትሽ ግን የሥሩ ሦስት እጅ ድንጋዮቹ መሃል ቀርቶ አገኘሁት። የተከልኩት ሥር አልባ እንጨት ነበር ማለት ነው።

የዚህ መመሪያ ዓላማ ያ ሥር ሳይቆረጥ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ችግኙን ማንሳቱ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ዝግጅት፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ጥበቃ አለው። ዝግጅቱን ዘለው ወደ ማንሳቱ አይሂዱ።

## ደረጃ 1፦ የበቀለው ምን እንደሆነ ይለዩ

ማንነቱን ሳያውቁ ምንም አይንኩ። ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ እውነተኛ ቅጠል እስኪያወጣ ይጠብቁ፤ ከዘሩ ጋር የሚወጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች የብዙ ተክል ስለሚመሳሰሉ ያሳስታሉ።

ሊነሱ የሚገባቸው

- ወይራ፦ ጠባብና ጠንካራ ቅጠል፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት የሚወጣ። የላይኛው ገጽ ጥቁር አረንጓዴ፣ የታችኛው ወደ ቡናማ ወይም ወደ ወርቃማ ያደላል። ዘሩን ያመጣው ወፍ ነው። ወይራን ከዘር ማብቀል አስቸጋሪ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን ችግኝ እንደ ስጦታ ይቆጥረዋል።
- የሐበሻ ጽድ፦ በልጅነቱ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሾለና የሚወጋ ነው። ትልቁ ዛፍ ላይ ከሚያውቁት ለስላሳ ቅጠል ስለሚለይ ብዙ ሰው አረም ነው ብሎ ይጥለዋል።
- ኮክ፦ ረጅም፣ ጠባብ፣ ጠርዙ በጥቃቅን ጥርሶች የተከበበ ቅጠል።
- ዘይቱን፦ ቅጠሉ ላይ ደም ሥሮቹ ጎላ ብለው የሚታዩ፤ ሲታሽ ደስ የሚል ሽታ ያለው።
- ቲማቲም፦ ቅጠሉ የተከፋፈለ፣ አገዳው ጸጉራም፤ ነክተው እጅዎን ቢያሸቱ ወዲያው ያውቁታል።
- ፓፓያ፦ እንደ መዳፍ የተከፋፈለ ቅጠል፣ ለስላሳ ግንድ፣ ሲቆረጥ ነጭ ፈሳሽ። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ከተማ በዝግታ ስለሚያድግና ፍሬውም ስለሚያንስ ብዙ ተስፋ አይጣሉበት። አዳማ፣ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ላሉ ግን ቢደክሙበት ያዋጣል።

ፈጽሞ ሊያሳድጓቸው የማይገባ

አስተናግር፣ አንዳንዶች አጤ ፋሪስ የሚሉት፣ የቲማቲምና የቃሪያ ዘመድ ነው። በቆሻሻ መጣያ ዳርና በተቆፈረ አፈር ላይ መብቀል ይወዳል። ችግኙን ቃሪያ ነው ብሎ የሚንከባከብ ሰው አጋጥሞኛል። ቅጠሉ ያልተከፋፈለ፣ ጠርዙ ወጣ ገባ፣ ሽታው የሚያስጠላ ነው፤ ሲያድግ እሾሃማ የዘር ቋት ይይዛል። ከሥሩ እስከ ዘሩ ድረስ መርዛማ ነው። ሲነቅሉት ጓንት ያድርጉ፤ ዓይንዎን አይንኩ፤ ለከብትም አይጣሉት። ጉሎም እንዲሁ ነው፦ ዘሩ ለሕፃናት እጅግ አደገኛ ስለሆነ ልጅ ባለበት ግቢ ከበቀለ ሳያፈራ ያስወግዱት።

ዱባ ከቆሻሻ ክምር ዳር ከበቀለ ማሳደግ ይቻላል፤ ነገር ግን ፍሬውን ከመሥራትዎ በፊት ቁራሽ ጥሬውን በምላስዎ ጫፍ ይቅመሱ። መራራ ከሆነ ይትፉትና ፍሬውን በሙሉ ይጣሉ። ከመራራ ዘመዱ ጋር የተዳቀለ ዘር መራራ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ ያ መርዝ ደግሞ በመቀቀል አይጠፋም።

ወርካና ሾላ ለብቻቸው ይታያሉ። ቅጠሉ ሰፊ፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ ችግኝ ከግድግዳ ከበቀለ ጉዳዩ የአትክልት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የቤቱ ደኅንነት ይሆናል። ወደ ደረጃ 8 ይሂዱ።

## ደረጃ 2፦ ቦታውን ይመርምሩ

ወደ ችግኙ ከመጠጋትዎ በፊት እነዚህን ያረጋግጡ፦

1. የኤሌክትሪክ ሽቦ። ወደ ቤት የሚገባው መስመር ብዙ ጊዜ በጣሪያው ጠርዝ ያልፋል። ቅጠሉ ወይም ቅርንጫፉ ሽቦ የሚነካ ከሆነ አይንኩት፤ ውሃም አያፍስሱበት። ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ያሳውቁ።
2. አሮጌ የአስቤስቶስ ክዳን። ግራጫ፣ እንደ ሲሚንቶ ያለ ሞገዳማ ክዳን ከሆነ አይፋቁ፣ አይስበሩ። አቧራው ሳንባን ይጎዳል።
3. የመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም የፍሳሽ ቱቦ። ከዚያ ዳር የበቀለ ቲማቲም ወይም ጎመን አይበላም፤ ነቅለው ይጣሉት። የዛፍ ችግኝ ከሆነ ግን ሥሩን አጥበው ማዛወር ይችላሉ።
4. የተሸከመ ድንጋይ። ችግኙ ከደረቅ የድንጋይ ካብ ወይም ከቤቱ መሠረት ከበቀለ፣ አንድም ድንጋይ ከቦታው እንዳይነሳ። ለአንድ ወይራ ተብሎ አጥር አይፈርስም።
5. የጋራ ግድግዳ። በኮንዶሚኒየም ደረጃ ወይም የውጭ ግድግዳ ላይ ከሆነ ለነዋሪዎች ማኅበር አስቀድመው ይንገሩ።

## ደረጃ 3፦ ቀኑን ይምረጡ፣ መሣሪያውን ያሰናዱ

ለዛፍ ችግኝ የሚሻለው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ነው። አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቅጠሉ የሚያጣውን ውሃ የተጎዳው ሥር ለመተካት ጊዜ ያገኛል። በበጋ ያገኙትን ችግኝ ውሃ እየሰጡ ባለበት ይጠብቁት፤ ካልቸኮሉ የሚጠፋ ነገር የለም። ከመሬት በላይ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ችግኝ ይምረጡ። ከዚያ ያለፈው ሥሩ ግድግዳው ውስጥ ከሚታየው በላይ ርቆ ሄዷል።

ሰዓቱ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሁን። ሌሊቱን ሙሉ ያለ ፀሐይ ማረፍ ለችግኙ ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት የተነሳ ችግኝ ገና ሳያገግም የእኩለ ቀን ፀሐይ ይደርስበታል።

ያዘጋጁ፦

- ወስፌ። ለስፌት የምንጠቀምበት ወስፌ ለዚህ ሥራ ከየትኛውም የአትክልት መሣሪያ ይበልጣል፤ ቀጭን ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሥር አይቆርጥም።
- አሮጌ የሻይ ማንኪያ
- አዲስ ምላጭ ወይም በጣም የተሳለ ቢላዋ
- ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፤ ክዳኑ በመርፌ አንድ ቦታ የተበሳ
- ንጹሕ የጥጥ ጨርቅና አንድ ባልዲ ውሃ
- ቀጭን መቃ ወይም የመጥረጊያ ስንጥርና ለስላሳ ክር
- ጓንት፤ ከፍ ያለ ቦታ ከሆነ መሰላልና መሰላሉን የሚይዝ ሰው

መትከያው አስቀድሞ ተሞልቶ ይጠብቅ። ችግኙን በእጅ ይዞ አፈር ፍለጋ መሮጥ ሥሩን ያደርቀዋል። ወርዱ 12፣ ጥልቀቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ የችግኝ ላስቲክ ይበቃል። ከሌለ የወተት ላስቲክ አጥበው፣ ታቹን ስድስት ቦታ በስተው ይጠቀሙ፤ ለቲማቲም ደግሞ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ጥሩ ነው። ትልቅ ማሰሮ አይምረጡ፤ ትንሽ ሥር በብዙ እርጥብ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል።

አፈሩን ሦስት እጅ የግቢ አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ አድርገው ያዋሕዱ። አፈርዎ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ከሆነ አሸዋውን እጥፍ ያድርጉ። ትኩስ ፍግም ሆነ ከሱቅ የተገዛ ማዳበሪያ አይጨምሩ። "ጉልበት እንዲያገኝ" ተብሎ የሚጨመር ማዳበሪያ የቆሰለውን ሥር ያቃጥለዋል።

## ደረጃ 4፦ ሁለት ቀን አስቀድመው ያርሱት

ይህን ደረጃ ነው ሁሉም የሚዘልለው። በደረቅ ስንጥቅ ውስጥ ያለ ሥር ከድንጋዩ ጋር ተጣብቋል፤ ሲጎትቱት ቀጫጭኖቹ ሥሮች ከቆዳቸው ተገፈው እዚያው ይቀራሉ። ውሃ የሚጠጡት ደግሞ እነዚያ ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ ወፍራሙ ሥር ተሸካሚ ብቻ ነው።

1. ጠርሙሱን ሞልተው ክዳኑን ወደ ታች አድርገው ከችግኙ ጎን ይሰሩት፤ ታቹን ትንሽ ይብሱት፤ ያለዚያ አየር ስለማይገባ ውሃው አይወርድም። ጠብታው ቀጥታ ስንጥቁ ውስጥ ይግባ።
2. ማታና ጠዋት ይሙሉት፤ ሁለት ቀን።
3. በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወስፌውን ከግንዱ ሁለት ጣት ርቀት ላይ ይክተቱ። በቀላሉ ከገባ ደርሷል። ከተቋቋመዎት አንድ ቀን ይጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የጭቃ ቤት ከሆነ ጠርሙስ አይጠቀሙ። ምርጊቱ ውሃ ጠጥቶ ይፈርሳል። በምትኩ እርጥብ ጨርቅ በግንዱ ዙሪያ ስንጥቁ ላይ ጠቅጥቀው በየጥቂት ሰዓቱ ያርጥቡት።

የዛፍ ችግኝ ከሆነ በዚሁ በሁለተኛው ቀን እያንዳንዱን ትልቅ ቅጠል ግማሽ በግማሽ በመቀስ ይቁረጡ። የጫፉን ቀንበጥ ግን አይንኩ። ያሳዝናል፣ ግን ያድነዋል፤ ቅጠሉ በበዛ ቁጥር የሚያተነው ውሃ ይበዛል። ጽድ ከዚህ ውጭ ነው፤ መርፌ ቅጠሉን አይቁረጡ።

## ደረጃ 5፦ ማንሳት

### ከአሸንዳ

ከሁሉም ቀላሉ ይህ ነው፤ አደጋው ሥሩ ላይ ሳይሆን እርስዎ ላይ ነው። የመሰላሉን እግር ከግድግዳው የከፍታውን አንድ አራተኛ ያርቁት፦ አሸንዳው 4 ሜትር ላይ ከሆነ እግሩ 1 ሜትር ይራቅ። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አይውጡ። ብቻዎን አይሥሩ።

አሸንዳ ውስጥ ያለው አፈር የበሰበሰ ቅጠል ስለሆነ ሥሮቹ እንደ ምንጣፍ ተጠላልፈዋል። ችግኙን አይያዙ፤ በማንኪያው ከግራና ከቀኝ አንድ አንድ ስንዝር ቆርጠው ምንጣፉን በሙሉ እንደ ዳቦ ቁራሽ ያንሱት። ካወረዱ በኋላ አንድ ባልዲ ውሃ በአሸንዳው አፍስሰው በቱቦው በደንብ መውረዱን ይዩ። አልወርድ ካለ ቱቦውም ተደፍኗል። የአሸንዳውን ጭቃ ለዛፍ ሥር እንጂ ለጎመን መደብ አይጠቀሙበት፤ ከጣሪያው የታጠበ ዝገትና ቀለም አለበት።

### ከኮብልስቶን መሃል

በግቢዎ ውስጥ ከሆነ ከችግኙ አጠገብ ያለውን አንድ ድንጋይ በመሮ ቀስ ብለው ያንሱ። ድንጋዮቹ አሸዋ ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ አንዱ ከተነሳ ሥሩ በጎን ይገለጣል። አሸዋውን በማንኪያ እያወጡ ይከተሉት። ሲጨርሱ አሸዋውን መልሰው፣ ድንጋዩን አስቀምጠው፣ በመዶሻ እጀታ ያስተካክሉት። የመንገድ ንጣፍ ከሆነ ድንጋይ አይንቀሉ።

### ከግድግዳና ከድንጋይ አጥር ስንጥቅ

እዚህ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ግማሽ ሰዓት ይመድቡ።

1. መቃውን ከግንዱ ጋር ሁለት ቦታ በለስላሳ ክር ይሰሩት። በሥራው መሃል ግንዱ ቢቀጭ ሥሩን ማዳን ዋጋ የለውም።
2. ስንጥቁ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ። ሥሩ ወደ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚገባ ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ስንጥቁን ተከትሎ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ይሮጣል።
3. ወስፌውን ከግንዱ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው፣ ስንጥቁ በሚሄድበት አቅጣጫ ያስገቡና አፈሩን ወደ ራስዎ ይሳቡ። በግንዱ ሥር ከመጀመር ይልቅ ከሩቅ ወደ ቅርብ ይምጡ።
4. በየሦስት ወይም አራት ጊዜው ውሃ በጠርሙሱ ክዳን ቀዳዳ እየረጩ የተፈታውን አፈር ያጥቡ። ሥሩ እየተገለጠ ሲሄድ እርጥብ ጨርቅ ያልብሱት።
5. ይሞክሩት፦ ግንዱን ከሥሩ በላይ አስጠግተው በሁለት ጣት ይያዙና እጅግ በትንሹ ይሳቡ። ከተንቀሳቀሰ ይቀጥሉ። ከጠነከረ ያቁሙና ወደ ቁጥር 3 ይመለሱ። የሚሰማዎት ተቃውሞ የሚበጠስ ሥር ድምፅ ነው።
6. 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሥር ከተገለጠና ቀሪው አልደረስ ካለ፣ በምላጭ በአንድ ምት ይቁረጡት። የተቆረጠ ሥር ይድናል፤ የተቀደደ ሥር ግን ይበሰብሳል።
7. ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ያኑሩ። ፀሐይ ላይ አምስት ደቂቃ የቆየ ራቁት ሥር ይጎዳል።

መቁረጥን ሁሉም እኩል አይችለውም። ቲማቲም ሥሩ ሁሉ ቢቀርም ከአገዳው አዲስ ያወጣል። ወይራና ዘይቱን ቀጫጭን ሥሮች ከቀሩላቸው ይችሉታል። ጽድ ብዙ አይችልም። ፓፓያ ዋና ሥሩ ከተቆረጠ በአብዛኛው ይሞታል፤ ስለዚህ ፓፓያን ከጠባብ ስንጥቅ ለማውጣት ከመድከም ዘሩን መዝራት ይሻላል።

ዘይቱኑ ከስንጥቁ አልወጣ ካለ ሌላ መንገድ አለ። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ባለው ቅርንጫፍ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቅርፊት እንደ ቀለበት ይላጡ፤ እርጥብ የዛፍ ሽበት (ቅርፊት ላይ የሚበቅለውን) ወይም የበሰበሰ ሰጋቱራ ጠቅልለው በላስቲክ ከላይና ከታች አጥብቀው ይሰሩ። ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በላስቲኩ ውስጥ አዲስ ሥር ሲታይ ከታች ቆርጠው ይትከሉ። ከዋናው ተክል ሥር ጋር መታገል አያስፈልግም።

## ደረጃ 6፦ መትከል

1. ላስቲኩ መሃል ላይ ጣትዎ የሚያክል ጥልቅ ጉድጓድ በእንጨት ይክፈቱ።
2. ሥሩን ቀጥ አድርገው ያውርዱ። ረጅም ነው ብለው እንዲታጠፍ አያድርጉ፤ ወደ ላይ የታጠፈ ሥር ከሁለት ዓመት በኋላ ዛፉን ያንቀዋል። ካልበቃ በምላጭ ያሳጥሩት።
3. ግንዱ ላይ ቀለሙ የሚለወጥበትን ቦታ ይፈልጉ፤ አፈሩ እዚያ ድረስ ይድረስ፣ ከዚያ አይለፍ። ቲማቲም ብቻ ነው እስከ ታችኛው ቅጠል ድረስ ተቀብሮ የሚደሰተው።
4. አፈሩን በጣት ጫፍ ጠቅጠቅ ያድርጉ፤ በእግር ወይም በቡጢ አይምቱ።
5. ከታች እስኪያፈስ ድረስ ያጠጡ። አፈሩ ከሰመጠ ይጨምሩ።
6. መቃውን አይፍቱ፤ ለአንድ ወር አብሮት ይቆይ።

## ደረጃ 7፦ ሦስቱ ሳምንታት

1ኛ እና 2ኛ ሳምንት። ፀሐይ በማይደርስበት፣ ብርሃን ግን ባለበት በረንዳ ያስቀምጡ። ታቹ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ እንደ ቆብ ይድፉበት። ክዳኑን በቀን ለሁለት ሰዓት ይክፈቱ፤ ሁልጊዜ ተዘግቶ ከዋለ ሻጋታ ይመጣል። ውሃ የሚያጠጡት ቀን ቆጥረው ሳይሆን ጣትዎን እስከ መጀመሪያው አንጓ አስገብተው ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ችግኙ ምንም አያድግም፤ ከታች እየሠራ ነው። አፈሩን ቆፍረው አይዩት።

3ኛ ሳምንት። ቆቡን ያንሱ። የጠዋት ፀሐይ አንድ ሰዓት ይስጡት፤ በየሁለት ቀኑ አንድ ሰዓት ይጨምሩ። አዲስ ቅጠል ካወጣ ተረፈ።

ወደ ቋሚ ቦታው የሚሄደው ሥሩ በላስቲኩ ቀዳዳ ብቅ ሲል ነው። ለዛፍ የሚቀጥለውን ክረምት መጀመሪያ ይጠብቁ። ወይራና ጽድ ከቤት ግድግዳ ቢያንስ 5 ሜትር ይራቁ፤ ከስንጥቅ አውጥተው ሌላ መሠረት ሥር መትከል ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል። ግቢ ከሌለዎት ላለው ይስጡ።

### ነገሩ ከተበላሸ

በማግስቱ ከጠወለገ፦ ውሃ አይጨምሩ። አፈሩ እርጥብ ከሆነ ችግሩ ሥሩ መጠጣት አለመቻሉ ነው። ከቀሩት ቅጠሎች ግማሹን ያንሱ፣ ቆቡን ይድፉ፣ ወደ ጠለቀ ጥላ ይውሰዱ። አብዛኛው በአራትና በአምስት ቀን ይቃናል።

ቅጠሉ በሙሉ ከረገፈ፦ አይጣሉት። ቅርፊቱን በጥፍርዎ በትንሹ ይፋቁ፤ ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ከታየ በሕይወት አለ። ወይራ ቅጠሉን አራግፎ በወሩ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች እየፋቁ ይውረዱ፤ እስከ አፈሩ ድረስ ደረቅ ከሆነ ሞቷል።

ቅጠሉ ቢጫ፣ ደም ሥሩ አረንጓዴ ከሆነ፦ ስንጥቅ ውስጥ ካለው ሲሚንቶና ኖራ የመጣ ነው፤ ኖራ የበዛበት አፈር ውስጥ ተክሉ ብረት ማግኘት ያቅተዋል። ሥሩ ላይ የተጣበቀ የሲሚንቶ ፍርፋሪ ካለ በሚቀጥለው ዝውውር ያጥቡት። በጥሩ አፈር አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ አሮጌው ግን ቢጫ እንደሆነ ይቀራል።

ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ከለሰለሰና ከጠቆረ፦ ውሃ በዝቷል። ቲማቲም ከሆነ ከጠቆረው በላይ ቆርጠው አዲስ አፈር ውስጥ ይትከሉት፤ ሥር ያወጣል። ዛፍ ከሆነ የሚድንበት ዕድል ጠባብ ነው፤ ላስቲኩን አድርቀው ይጠብቁ።

በለጋው ላይ ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) ከሰፈረ፦ በጣት ጠርገው በውሃ ያጥቡ። ደካማ ችግኝ ላይ መድኃኒት አይርጩ።

## ደረጃ 8፦ ወርካና ሾላ፣ የግድ መወገድ ያለባቸው

ወፎችና የሌሊት ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ግድግዳ ላይ ይጥሉታል። ሥሩ ሲወፍር ስንጥቁን ያሰፋል፣ ድንጋይ ያንቀሳቅሳል። ብዙ ሰው በየክረምቱ ከግድግዳው ላይ ይቆርጠዋል፤ በየክረምቱም ያቆጠቁጣል። ላይ ላዩን መቁረጥ ማጠናከር ነው፤ ከላይ ሲቀጭ ሥሩ እየወፈረ ይሄዳል።

ገና እርሳስ ሳያክል ካገኙት ከደረጃ 4 ጀምሮ እንደ ወይራው ያንሱትና ሰፊ ሜዳ ላለው ሰው ይስጡት። ወፍራም ከሆነ እንዲህ ያድርጉ፦

1. ጓንትና መነጽር ያድርጉ። ነጩ ፈሳሽ ቆዳን ያሳክካል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ይለበልባል፤ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ይጠቡ።
2. ግንዱን ይቁረጡ፤ በዙሪያው ያለውን ልስን በመሮ ጥቂት በጥቂት ያንሱና የሥሩን ራስ ያግኙ። ቅጠል የሚያቆጠቁጠው ከዚያ ነው። ራሱ ተፈልፍሎ ካልወጣ ሥራው አላለቀም።
3. የቀረው ሥር ጥልቅ ከገባ ይተዉት፤ ግን በየሁለት ሳምንቱ እየተመለሱ የወጣውን ቀንበጥ ገና ጣት ሲያክል ይንቀሉ። ምግብ የሚሠራለት ቅጠል ካጣ ደክሞ ይሞታል። ወራት ይፈጃል፤ አንድ ጊዜ ቢረሱ ግን እንደገና ከመጀመሪያ ነው።

ጨው፣ ናፍጣ ወይም የባትሪ አሲድ አያፍስሱ። ጨው ግድግዳው ውስጥ ያለውን ፌሮ ያዝገዋል፤ ናፍጣ እሳት ይጋብዛል፤ አሲዱ ሲሚንቶውንም እጅዎንም ይበላል። ሥሩ ክንድ የሚያክል ከሆነ ወይም ብሎኬቱ ተገፍቶ ከወጣ ራስዎ አይንኩት። ሥሩ ራሱ ግንቡን ደግፎ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ግንበኛ ይጥሩ።

## ደረጃ 9፦ ስንጥቁን ይዝጉ

ክፍት የቀረ ስንጥቅ በቀጣዩ ክረምት ሌላ ዘር ይቀበላል። ይህን ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ይሥሩ።

የድንጋይና የብሎኬት ግንብ፦ የቀረውን አፈርና የሞተ ሥር በወስፌ አውጥተው ያጥቡ። አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ ጋር ያቡኩ። ስንጥቁን ውሃ ያጠጡት፤ ደረቅ ድንጋይ የቡኮውን ውሃ መጥጦ ያሰነጣጥቀዋል። ከውስጥ ወደ ውጭ ጠቅጥቀው ይሙሉ። ለአምስት ቀን ጠዋትና ማታ ያርጥቡት።

የጭቃ ግድግዳ፦ ሲሚንቶ አይምረጉ። ከጭቃው ጋር ስለማይያያዝ በዓመቱ ተላቆ ይወድቃል፤ ሲወድቅም ጭቃውን ይዞ ነው። ጭቃና የጤፍ ጭድ አቡክተው፣ ውሃ እየጨመሩ ጥቂት ቀን አሳድረው፣ ግድግዳውን አርጥበው በሁለት ንብርብር ይምረጉ። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አይጨምሩ።

ያልደረቀ ምንጭ ካለ፦ ችግኙ በውሃ ታንከር ወይም በቧንቧ ሥር የበቀለ ከሆነ ግድግዳውን ከመዝጋትዎ በፊት የሚያንጠባጥበውን ያሠሩ። በበጋ ያለ ዝናብ የለመለመ ስንጥቅ የሚያፈስ ቧንቧ አለ ማለት ነው።

ከደረቀ በኋላ የዘጉትን ስንጥቅ የሚያቋርጥ አንድ መስመር በእርሳስ ያስምሩና ቀኑን ከጎኑ ይጻፉ። በሚቀጥለው ሰኔ ይመልከቱት። መስመሩ እንዳለ ከሆነ ግድግዳው ቆሟል። ከተሰበረ ወይም ሁለቱ ጫፎች ከተላለፉ፣ ስንጥቁን የከፈተው ችግኙ ሳይሆን መሠረቱ ነውና ግንበኛ ያሳዩት።